የከሰዓት ድምፅ

ልብስ ሰፊዋ ሰውዬውን ያወቀችው የግቢውን በር ገና ገርበብ እንዳደረገችው ነው። የሚከራይ ክፍል እንዳለ ሰምቶ የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አንዲት ሻንጣ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ነበር። ዳቦ ጋጋሪ መሆኑን፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት እንደቀጠረው፣ ሌሊቱን ምድጃ ፊት ቆሞ ስለሚያነጋ ቀን የሚተኛበት ጸጥ ያለ ቤት እንደሚፈልግ አስረዳት። እሷ ግን አታዳምጠውም። ዓይኗ ያረፈው ለሁለት የተከፈለ በሚመስለው አገጩና በግራ እጁ አንጓ ላይ ባለው የቃጠሎ ጠባሳ ላይ ነበር። ይህን ሰው በአካል አይታው ባታውቅም በፎቶግራፍ ታውቀዋለች። ፎቶግራፉ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በአልጋዋ ራስጌ ከተቀመጠ ዓመታት አልፈዋል። ከሰውዬው አጠገብ ቆማ የምትስቀው ደግሞ የሞተችው ታናሽ እህቷ ናት።

"ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው" አለችው። "ግባና እየው።"

ያን ዕለት ምን እንደምታደርገው አታውቅም ነበር። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሰው ከእጇ እንዲወጣ አልፈለገችም።

ሰፊዋን በሰፈሩ ውስጥ የሚያከብሯትም የሚፈሯትም አሉ። የእግር ስፌት መኪናዋ ከጠዋት ጀምሮ ሲያንጎራጉር ይውላል፤ ምላሷም ከመቀሷ አይተናነስም። ሱሪው ጠበበኝ ብሎ የመጣን ደንበኛ ከላይ እስከ ታች አይታ "ሱሪው እንኳ ባለበት ነው ያለው" ብላ የመለሰችበትን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። አላገባችም። ከአልጋ መነሳት ካቃታቸው እናቷ ጋር ትኖራለች። የቤታቸው ፊት ለፊት የስፌት ክፍሏ ነው፤ ከኋላ ደግሞ ድሮ አንድ ረጅም አዳራሽ የነበረውን በኮምፔንሳቶ ጣውላ ለሦስት የከፈሉት መኝታ ነው። በመጀመሪያው ክፍል እናቷ፣ በመካከለኛው እሷ፣ በመጨረሻው ደግሞ ተከራይ ይተኛሉ።

ታናሽ እህቷን ቤተሰቡ "ትንሿ" ይላት ነበር። በቁመት ታላቋን ከበለጠቻት በኋላም ትንሿ እንደሆነች ቀረች። በመልክ አይመሳሰሉም፤ ድምፃቸው ግን ከአንድ ጉሮሮ የወጣ ይመስላል። ከጓዳ ሆነው "እማ" ሲሉ እናቲቱ ሁልጊዜ "የቷ ነሽ?" ብለው መጠየቅ ነበረባቸው። ትንሿ ሌላ ከተማ ሄዳ በአንድ ዳቦ ቤት ሽያጭ ላይ ተቀጠረች፤ ለእረፍት ስትመጣ ከእህቷ ጋር በአንድ አልጋ እየተኛች፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ስለ አንድ ጋጋሪ ታወራላት ነበር። ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት እንደሚለብስ፣ ሊያገባት እንደሆነ፣ ማንም ሳይሰማ "ዱቄቴ" ብላ ስትጠራው ጆሮው እንደሚቀላ ነገረቻት። ሰፊዋ ያን ጊዜ ከልቧ ነበር የሳቀችው።

ከዚያ ጋጋሪው አንድ ቀን ደብዛው ጠፋ። ደህና ሁኚ አላለም። እናታቸው ያኔ ጤነኛ ነበሩና እስከዚያ ከተማ ሄደው አጣርተው ተመለሱ፤ ሰውዬው ለካ ሌላ ቦታ ሚስትና ልጅ አለው። ትንሿ ሥራዋን ትታ ወደ ቤት መጣች። አላለቀሰችም፣ አልተራገመችም። ብቻ ምግብ አልበላ አላት፤ በመጨረሻው ክፍል ውስጥ ተኝታ ጣሪያ ጣሪያ ታይ ጀመር። ክረምቱ ሲገባ ሳል ያዛት፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ሐኪሙ ሳንባዋ ነው አለ። ሰፊዋ የሐኪሙን ቃል አልተቀበለችም። ለእሷ ገዳዩ ሌላ ነው፤ የገዳዩም ፎቶግራፍ በእጇ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በራሱ እግር መጥቶ ትንሿ በሞተችበት ክፍል ሻንጣውን ያስቀመጠው።

ምን እንደምታደርገው ያሳያት እሱ ራሱ ነው። በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ሰፊዋ ከኮሪደሩ ሆና እናቷን ስትጠራ ጋጋሪው በሩን ከፍቶ ብቅ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ይቅርታ እትዬ" አላት። "ድምፅዎ ሰው አስታወሰኝ።"

"ማንን?"

"ድሮ የማውቃትን ልጅ" ብሎ በሩን ዘጋ።

ሰፊዋ ወደ መኪናዋ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እግሯ ግን መርገጫውን አልረገጠም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርድ መታኝ ብላ ከሰው ጋር በጎርናና ድምፅ መነጋገር ጀመረች። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠመጠመች። ደንበኞቿ ትኩስ ነገር እንድትጠጣ መከሯት፤ እሷም እሺ እያለች አመሰገነች። የራሷን ድምፅ፣ ማለትም የትንሿን ድምፅ፣ ለአንድ ሰው ብቻ አስቀመጠችው።

ከምሳ በኋላ እናቷ የእንቅልፍ ኪኒናቸውን ውጠው ይተኛሉ። ጋጋሪውም የሚተኛው በዚያው ሰዓት ነው። ሰፊዋ ያለቁ ልብሶች በዘንቢል ይዛ፣ "ልብስ ላደርስ ነው" ብላ ጮክ ብላ ተናግራ፣ የፊቱን በር ገጭ አድርጋ ትወጣለች። ቤቱን ዞራ ጫማዋን በእጇ ይዛ በጓዳ በር ትገባለች፤ በጣቶቿ እየተራመደች ክፍሏ ትደርስና ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አፏን ከኮምፔንሳቶው መጋጠሚያ ታስጠጋለች። በመጀመሪያው ቀን ልቧ ድው ድው ሲል ጋጋሪው የሚሰማባት መሰላት።

"ዱቄቴ" አለች።

ከወዲያ በኩል አልጋው ሲንቋቋ ሰማች። ቀጥሎ ምንም። ሰውዬው ትንፋሹን ውጦ እንደሚያዳምጥ ገባት፤ እሷም ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች። በአንዲት ስስ ጣውላ ተለያይተው ሁለቱም እንዲሁ ቆዩ።

ማታ ወደ ሥራ ሲወጣ ስፌት ክፍሏ በር ላይ ቆሞ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቃት። እኔና እናቴ ብቻ ነን፣ እናቴም መነሳት አትችልም፣ አለችው በጎርናናው ድምፅ። ክር በጥርሷ እየበጠሰች፣ እሱ በተኛበት ክፍል ድሮ አንዲት ልጅ ተከራይታ እንደነበር ጨመረችለት። ዳቦ ቤት ትሠራ የነበረች፣ ረጅም ልጅ። ታማ እዚያው ሞተች አለችው። ጋጋሪው የበሩን መቃን ያዘ። ሰፊዋ ወደ ግቢው በር ሲሄድ ከጀርባው አየችው፤ መንገዱን ሲሻገር የሚመጣበትን መኪና እንኳ አላየም፤ ሾፌሩ ተሳድቦ አለፈ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

በሁለተኛውም ቀን ጠራችው፤ በሦስተኛውም። አንዳንዴ ስሙን ብቻ፣ አንዳንዴ "ለምን?" የሚል ቃል ጨምራ። ትንሿ ስትስቅ እንደምታደርገው በአፍንጫዋ ትስቅ ነበር፤ አንዳንዴም ታስላለች። ሰውዬው ከሳ። ዓይኑ ጉድጓድ ገባ። በዚያ ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ ያረረ ዳቦ በላ፤ አንዱን ቀን ከላይ ከሰል፣ ሌላውን ቀን ከውስጥ ሊጥ ይሆናል። ጎረቤቶች አዲሱ ጋጋሪ ምድጃውን ከራሱ ጋር አጣልቶታል እያሉ ቀለዱ። ሰፊዋ ያረረውን ዳቦ ራሷ እየሄደች እየገዛች፣ ጥቁሩን በቢላ ሳትፍቅ ትበላው ጀመር። እንደዚያ የጣፈጣት ዳቦ አልነበረም።

ግን እሷም እንቅልፍ አጣች። ነገሩን እስከ የት እንደምታደርሰው አላሰበችበትም ነበር። ሰውዬው እስኪያብድ ነው? ሻንጣውን ይዞ እስኪጠፋ ነው? ቢጠፋባትስ? ጠዋት ስትነሳ የምታስበው ከሰዓቱን ነው፤ ከሰዓቱ ሲያልፍ የነገውን ከሰዓት። የግራ እጅጌ በቀኝ በኩል ትሰፋለች፤ ፈትታ ደግማ ታሳስታለች። አንዲት ደንበኛዋ ኮቷን ለብሳ ክንዶቿ ወደ ኋላ ሲያዩ ጊዜ "ይሄን ለብሼ ስሄድ ሰው እየተመለስኩ ይመስለዋል" አለቻት። ሰፊዋ ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አታጣም ነበር። ኮቱን ተቀብላ እጅጌውን መፍታት ጀመረች።

አንድ ቀን ጋጋሪው ከግድግዳው ወዲያ መናገር ጀመረ። ቃሉ ቀስ ያለ፣ ከቅርብ የሚመጣ ነበር፤ እሱም አፉን ከኮምፔንሳቶው እንዳስጠጋ አወቀች። እንደሞትሽ አልሰማሁም ነበር አለ። አግብተሽ፣ ወልደሽ፣ ወፍረሽ የሆነ ቦታ ያለሽ መስሎኝ ነበር፤ በየሄድኩበት ከተማ ወፍራም ሴት ባየሁ ቁጥር ፊቷን አይ ነበር አለ። ቀጥሎ ድምፁ ተሰበረ።

"እናትሽን ልከሽ ከምታስነግሪኝ ራስሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ለሌላ ታጭታለች ሲሉኝ አመንኩ። የምትወዳት ከሆነ አታስጨንቃት፣ ዝም ብለህ ሂድ አሉኝ። ስለምወድሽ ሄድኩ።"

ሰፊዋ ከአልጋው ጫፍ ተነስታ ጫማዋን ሳታደርግ ወጣች። ጓዳ ገብታ ውኃ ጠጣች፤ ብርጭቆውን ደግማ ሞላች፤ አልጠጣችውም። ለሙት እንኳ ይዋሻል አለች በልቧ። ውሸት የለመደ ለግድግዳም ይዋሻል። ሆኖም ያን ቀን ማታ እናቷን ስታጎርስ እጃቸውን፣ ከንፈራቸውን፣ ዓይናቸውን እያየች ቆየች። እናቷ ሾርባው ትኩስ ነው እንዴ፣ ለምን ትዘገያለሽ፣ አሏት።

ቀናት አለፉ። አልተረጋጋችም። መርፌው ሁለት ጊዜ ጣቷን ወጋት። ሰውዬው ውሸታም ከሆነ ለምን እንዲህ አድርጎ ያለቅሳል? ውሸታም ካልሆነስ? ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ እስከ ጫፉ ልታስበው አልቻለችም፤ ስትጀምረው መኪናዋን ታስነሳለች።

አንድ ጠዋት የእናቷን ትራስ ልብስ ልትቀይር ብድግ ስታደርገው ከሥሩ ኪኒኖች ወለሉ ላይ ተበተኑ። በምራቅ ርሰው መልሰው የደረቁ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ ኪኒኖች ነበሩ። እናቷ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። ሰፊዋ ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው፤ እየለቀመች ሳለ ነገሩ ገባት። እናቷ ከሰዓት ከሰዓት አይተኙም ነበር። ከመካከለኛው ክፍል የሚወጣ ድምፅ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይሄድም፤ የእናቷም ግድግዳ ያው ኮምፔንሳቶ ነው።

ያን ቀን እንደ ወትሮዋ በሩን ገጭ አድርጋ ወጣች፣ በጓዳ ገባች፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ጋጋሪው ሰሞኑን ስላመመው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበርና ወዲያኛው ክፍል ባዶ ነው። ከወዲህ በኩል ግን፣ ከእናቷ ክፍል፣ ጥፍር ጣውላ ሲቧጥጥ ሰማች።

"ትንሿ" አሉ እናቷ። "ዛሬ ለምን ዝም አልሽ? ተቀየምሽኝ?"

ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

"እኔን ፍለጋ እንደመጣሽ አውቄያለሁ። ለምንድን ነው እሱን የምትጠሪው፣ እኔን ጥሪኝ እንጂ። እኔ ነኝ ያደረግሁት፣ ልጄ። ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄጄ ለሌላ ታጭታለች፣ አፍራ ነው ያልነገረችህ አልኩት። ላንቺ ደግሞ ሚስት አለው አልኩሽ። ሚስት አልነበረውም።" አረፉ። ትንፋሻቸው ሲያፏጭ ይሰማል። "እህትሽን እያየሁ ነዋ። ታላቅ ሆና እሷ ቤት ቀርታ አንቺ ቀድመሽ ልትወጪ ስትይ፣ መኪናዋ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ሰማኋት። አንጀቴ አልቻለም። ትንሽ ይቆይ አልኩ እንጂ ትሞቻለሽ መች አልኩ። እናቴ፣ አንድ ቃል በይኝ።"

ሰፊዋ ያን ለቅሶዋን አስታወሰችው። ያለቀሰችው ግን ባል አጣሁ ብላ አልነበረም። ትንሿ አግብታ ከራቀች በኋላ ያ አልጋ ባዶ እንደሚሆን፣ ብርድ ልብሱ ሥር የሚያወራት ሰው እንደማይኖር አስባ ነበር። ለዚያ ለቅሶ እናቷ ይህን ሁሉ አደረጉ። እህቷ ሞተች። ሰውዬውም ከከተማ ከተማ ተንከራተተ። እሷ ደግሞ ያረረ ዳቦ እየበላች ደስ ይላት ነበር።

ለእናቷ አልመለሰችም። በጓዳ በር ወጥታ መንገድ ለመንገድ ስትዞር ዋለች። የጨርቅ ሱቆቹን አለፈች፣ አውቶቡስ መናኸሪያው ጋ ደረሰች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። የምታውቃቸው ሰዎች ሰላም አሏት፤ የመለሰችላቸው ይመስላታል። እናቷን መጥላት ፈለገች፤ ግን ወዲያው የሚመጣባት ያ በማንኪያ የምታጎርሰው ጥርስ የሌለው አፍ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጋጋሪው ከሥራ ሲመለስ ጓዳ ውስጥ ቆማ ጠበቀችው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዞላት ነበር። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እሷ ሻርፑን ከአንገቷ ፈታች።

"ዱቄቴ የምትልህ ልጅ ታናሽ እህቴ ናት" አለችው፣ በገዛ ድምፅዋ። "ከግድግዳው ጀርባ ስትሰማው የነበረው ድምፅ የኔ ነው። ላሳብድህ ብዬ ነው።"

ሰውዬው ቆሞ ቀረ። እጆቹ ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ በጣቶቹ መሀል የደረቀ ሊጥ አለ። ይመታኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢመታትም ደስታዋ ነበር።

"ሞቷስ?" አላት። "እሱስ ውሸት ነው?"

"ሞቷ እውነት ነው።"

ራሱን ነቀነቀ። ቆይቶ ሌላ አግብታ እንደነበር ጠየቃት፤ አላገባችም አለችው። እናቷ ያደረጉትን፣ ትናንት የሰማችውን፣ ለምን እንዳደረጉት ጭምር፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ስትነግረው የራሷን ድምፅ ጠላችው፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማት። ፊቷን ሳያይ ድምፅዋን ብቻ እየሰማ እንደሆነ ሲገባት ዝም አለች።

"እንቅልፍ ያጣሁት ፈርቼ መሰለሽ?" አላት። እስከ ዛሬ እትዬ፣ እርስዎ ይላት የነበረው ሰው አሁን አንቺ አላት። "እንቅልፍ ከወሰደኝ ሳልሰማት ታልፋለች ብዬ ነው። ሥራ ቦታ ቆሜ የማስበው ስለ ከሰዓቱ ነበር። እሱንም ወሰድሽብኝ።"

ሻርፑን አጣጥፋ ዳቦው አጠገብ አስቀመጠችው።

እናትየውን ማየት እንደሚፈልግ ነገራት። አልከለከለችውም። በሩን ገፋ አድርጎ መቃኑ ላይ ቆመ፤ እሷ ከኋላው ሆና ትከሻውን ታያለች። እናቷ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅሱ አድረው ገና ሸለብ ማድረጋቸው ነው። ከብርድ ልብሱ ውጪ የወጣችው እጃቸው የሕፃን እጅ ታክላለች። ጋጋሪው ለረጅም ጊዜ አያቸው። የሚናገረው ነገር ነበረው። ከዚያ በሩን ድምፅ ሳያሰማ መለሰው።

"ሲነቁ እመጣለሁ" አለ። ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ግን አንዳቸውም ያን ቃል አላመኑትም። ዳቦ ቤቱ ሌላ ጋጋሪ ቀጠረ። ሰፈሩም ዳቦው ተስተካከለ ብሎ አዲሱን ሰው አመሰገነ።

ሰፊዋ ለእናቷ ምንም አልተናገረችም። እናቷም ለእሷ አልተናገሩም። ግን መብላት አቆሙ፤ ማንኪያው ሲመጣ ከንፈራቸውን ይገጥማሉ። ከሰዓት ከሰዓት ግድግዳውን በጥፍራቸው ይቧጥጣሉ። ሰፊዋ አንድ ቀን ቻለች፤ ሁለተኛው ቀን ላይ አቃታት። በሩን ገጭ አድርጋ ወጣች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተመለሰች፣ ወደ እናቷ ግድግዳ ዞራ ተቀመጠች።

"እማ" አለች በትንሿ ድምፅ። "አልተቀየምኩሽም። ብይና ተኚ።"

ያን ማታ እናቷ ሾርባውን ጨርሰው ጠጡ። ለእሷ ዛሬ ደህና ነኝ አሏት፤ ለምን ደህና እንደሆኑ ግን አልነገሯትም።

ከዚያ ወዲያ ማቆም አልቻለችም። ጠዋት ታላቋ ሆና ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ ትቆጣቸዋለች። ከሰዓት ትንሿ ሆና ታዋራቸዋለች። ታላቋ ሆና ልትጠይቃቸው የምትፈልገው ብዙ ነገር ነበር፤ ትንሿ ግን ይቅር ብላለችና ሊጠየቅ አይችልም። አንዳንድ ቀን ንዴቱ ይብስባትና ተነስታ ትወጣለች። ትንሽ ትራመድና ትመለሳለች፤ አሮጊቷ እየጠበቁ ነዋ።

አንድ ከሰዓት እናቷ በጣም ዝግ ብለው ጠየቁ።

"እህትሽ ያደረግሁትን ታውቅ ይሆን?"

ሰፊዋ ግንባሯን ጣውላው ላይ አስደገፈች።

"አታውቅም" አለች።

"እንዳትነግሪያት። እሷ እንዳንቺ አይደለችም፣ ይቅር አትለኝም። ደግሞ የሚያጎርሰኝ እጅ የእሷ ነው።"

"አልነግራትም።"

እናቷ እንደዚያ ሁለት ክረምት ኖሩ። የሞቱት ጠዋት ነው፤ ሰፊዋ ክር ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ጎረቤቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ከቀብሩ በኋላ ሰው እየመጣ ተቀመጠ፣ አጽናናት፣ ሄደ። ኋላ ቤቱ ባዶ ሆነ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ሰፊዋ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ አንድ ጠርዝ ስትሰፋ ነበር፤ በመሀል ራሷን ስታገኘው መካከለኛው ክፍል ውስጥ፣ በባዶ እግሯ፣ ከግድግዳው ፊት ቆማ ነበር። የትኛው ግድግዳ ፊት እንደቆመች ለማየት እንኳ ዘወር አላለችም። ወደ ስፌት ክፍሏ ተመለሰች፣ ማንም ለዛሬ ያላላትን ልብስ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች፣ ጫማዋን አጠለቀች፤ ልብስ ላደርስ ነው የምትለው ሰው እንደሌለ በሩ ላይ ደርሳ ትዝ አላት። ዝም ብላ ወጣች።